ኮከቡ ስንት ጫፍ አለው?

ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው እኛ ቤት ክርክር ተነሣ። የበግ ክርክር እንዳይመስላችሁ፤ የበጉ ጉዳይ ገበያ ወጥተን ዋጋውን በጠየቅን ዕለት ያለ ክርክር ተዘግቷል። የተከራከርነው ከጽዱ አናት ላይ ስለሚሰቀለው ኮከብ ነው።

ያለፈው ዓመት ኮከብ የተገዛ ነበር፤ ከመርካቶ የመጣ፣ ፕላስቲክ፣ በባትሪ የሚሠራ። አንድ ማታ በርቶ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ አልበራም። ዘንድሮ እንግዲህ እኛ ሦስቱ ልጆች "እቤት እንሠራለን" ብለን ተነሣን። ዕቃውም ተሰበሰበ፦ የሳሙና ካርቶን፣ ውስጡ ብር የሚመስል የዱቄት ወተት ከረጢት፣ ከፉርኖ ዱቄት የተሠራ ሙጫ፣ ጥጥ። ጥጡ በረዶ መሆኑ ነው። አቃቂ በታኅሣሥ ውርጭ እንጂ እንዲያ ያለ በረዶ አያውቅም፤ በሥዕል ያየነውን የፈረንጅ በረዶ በጥጥ ተክተን እናከብራለን። እኛ ሰፈር ግን ጥጥ ጌጥ ከመሆኑ በፊት እንጀራ ነበር። አባታችን ከአካባቢያችን ፋብሪካዎች በአንዱ በሽመና ክፍል 26 ዓመት ሠርቶ ነው ያሳደገን። ከሥራ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ዛሬም ጧት ጧት ፈረቃ እንዳለበት ሰው ተነሥቶ ይለብስና በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ውሃ ሊቀዳ ሲነሣ "አንተ ተቀመጥ" እንለዋለን። አጥር ልጠግን ሲል "ተው አባዬ፣ አንተ ተቀመጥ"። ማክበራችን እኮ ነው።

ወደ ኮከቡ እንመለስ። ባለ ስድስት ጫፉን ለመሥራት ኮምፓስ ካለ ምንም አይቸግርም። ክብ ትሠራላችሁ፤ የኮምፓሱን አከፋፈት ሳትነኩ በክቡ ዙሪያ ስትራመዱበት ልክ ስድስት ቦታ ረግጦ ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ ከዚያ ነጥቦቹን አንድ አንድ እየዘለሉ ማገናኘት ነው። አምስት ግን እምቢ ይላል። 360ን ለ5 ስታካፍሉ 72 ዲግሪ ይመጣል፤ 72 ዲግሪን በዓይኑ የሚለካ ደግሞ ከመካከላችን አልተገኘም። የመጀመሪያው ሙከራችን መኪና የረገጠው እንቁራሪት ሆኖ ወጣ። "ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይሄንን ነው?" አለች ታናሻችን። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩን ሥነ ጽሑፍ ነው ብለን መለስንላት፤ አልተዋጠላትም።

"ታዲያ በስድስቱ ለምን አትጨርሱም?" አለች እናታችን ከማድቤት።

"ኮከብ አምስት ነው እማዬ፤ ባንዲራው ላይ ያለውም አምስት ነው።"

"አምስቱን ተዉት ብያለሁ!"

ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ እኛ ግን እናውቃለን። ታላቅ ወንድሟ በ1981 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አልተመለሰም፤ መርዶውም በወጉ አልመጣም። አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ እንደ ቆመ ነው፤ ከአናቱ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ቀይ ኮከብ አለ። በዚያ በኩል በታክሲ ባለፍን ቁጥር እናታችን ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት ታዞራለች።

ስናስበው የዛፍ አናት ብዙ ነገር ተሰቅሎበታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 አንድ የለንደን ጋዜጣ ባወጣው ሥዕል ላይ ከንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ ሰብ ዛፍ አናት የቆመው መልአክ ነው። ሶቪየቶች ደግሞ መጀመሪያ ዛፉን አባረሩት፤ በ1935 የአዲስ ዓመት ዛፍ ነው ብለው መለሱት፤ አናቱ ላይም ቀይ ኮከብ ወጣ። የቤተልሔሙን ኮከብ ታሪክ የጻፈልን ማቴዎስ ግን ስለ ጫፉ ብዛት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ይህንኑ ለእናታችን ልንነግራት አስበን ነበር፤ ወንጌል ጠቅሶ እናትን መርታት ግን ደስ አይልምና ተውነው።

እንግዲያው ስድስቱን እንቁረጥ ብለን መቀስ ስናነሣ አባታችን ከበረንዳው ገባ። እንቁራሪቷን አንሥቶ አገላብጦ አያት።

"እስቲ ጋዜጣ" አለ።

ከጋዜጣው ስፋቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ረዥም ቁራጭ ቆረጠ። ቁራጩን እንደ ክር ቋጠረው፤ አንድ ተራ ቋጠሮ ብቻ። ቀስ እያለ ሳበና ሲጠብቅ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ የተረፉትን ጫፎች በመቀስ አነሣቸው። መዳፉ ላይ የቀረው ጎኑ ሁሉ እኩል የሆነ ባለ አምስት ማዕዘን ነበር። ኮምፓስ የለ፣ 72 ዲግሪ የለ! ካርቶኑ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ጎን በማስመሪያ ወዲህና ወዲያ አስረዘመው። መስመሮቹ የተገናኙበት ቦታ ሁሉ ጫፍ ሆነ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ የቀና ኮከብ።

"ማን አስተማረህ?" አልነው።

"ማን ያስተምረኛል! በሌሊት ፈረቃ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ እጅ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም።"

ከዚያም አወራ። ክር ሲበጠስ በማሽኑ ድምፅ መካከል እንዴት እንደሚታወቅ፣ የተቀጠለበት ቋጠሮ ጨርቁ ላይ እንዳይታይ ምን ያህል ማነስ እንዳለበት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ እንዴት እንደሚጥል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲናገር አልሰማነውም ነበር። እናታችን ሽንኩርት የላጠችበትን እጇን በመቀነቷ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማለች። የምታየው እሱን ይሁን ኮከቡን እንጃ። ሁላችንም ዝም አልን።

"ቀይ አይሁን" አለች በመጨረሻ።

አልጠየቅናትም። ሙጫውን የቀባችው፣ የብር ወረቀቱን ያለበሰችው ራሷ ናት፤ ጫፎቹ ጋ ወረቀቱ ሲጨማደድ በማንኪያ ጀርባ አሸችው።

የገና ዋዜማ ማታ ሰቀልነው። ጽድ ደግሞ ተቆርጦ ሲሰነብት አናቱ ይለመልጋል፤ ኮከባችን ጥቂት እንደ ቆየ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው አንገቱን ደፋ። ብናቃናው ደፋ፤ ጥጥ ብናስደግፈው ከነጥጡ ወረደ። አባታችን ጓሮ ወጥቶ አንድ ቀጭን ሸምበቆ ይዞ መጣ፤ ከግንዱ ጋር አጣብቆ በፈትል ያስር ጀመር። ወንበር ላይ ወጥቶ ስለነበረ ልማዳችን ሆኖ "ተው አባዬ፣ አንተ..." ብለን ጀመርንና አቆምን።

"መቀሱን" አለ ዞር ሳይል።

አቀበልነው።