ስለ ማንደጃ አያያዝ

ደብረ ታቦር ደጋ ናትና ክረምት በገባ ጊዜ የብረት ማንደጃ ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ ይቆጠራል። በአጠገብዋ ባለችው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደርሷል። ያን የሚያህል መድፍ ያቀለጠ አገር ትንሹን ማንደጃ መጠበቅ አያቅተውም።

ጠንቃቃ የቤት እመቤት እሳት ሳታነድ አስቀድማ የትናንቱን አመድ ታራግፋለች፤ ዝገቱንም በአሸዋ ፈትጋ በፀሐይ ታደርቀዋለች። አመድ እርጥበትን ይዞ ብረቱን ለዝገት አሳልፎ ይሰጣልና። ከዚህም የከፋው፥ የማንደጃውን ቀዳዳ ይደፍናል። ነፋስ ያጣ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ አብዝቶ ያወጣል። መርዙም መልክና ሽታ የለውምና የተኛ ሰው ሳይሰማው ይሞታል።

የጢሱ መጥፋት ማንንም አያታልል፤ ፍሙ ቀልቶ ሳለ መርዙ አለ። ማንደጃው የቱን ያህል ቢጸዳም በተዘጋ ቤት አይታመንም። ስለዚህ እሳት ሲነድ መስኮት መክፈት፥ ከመኝታም በፊት ማንደጃውን ወደ ደጅ ማውጣት ይገባል። ለሕፃናቱ ሌሊቱን የሚበጃቸው ወፍራም ጋቢ ነው እንጂ አብሯቸው ያደረ ፍም አይደለም።