ወደ ሮብ ገበያ በአውሮፕላን

ከአገራችን ገበያዎች ብዙዎቹ የሚጠሩት በሚውሉበት ቀን ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አገር ያለችው ሮብ ገበያም እንዲሁ ናት። ቀኑ ግን ስም ብቻ አይደለም፤ የመንገዱም የጊዜ ሠሌዳ እርሱ ነው። ሮብ ሲሆን እህል የሚጭን አይሱዙ ይመጣል፤ ሰው የሚያሳፍር መኪናም አይታጣም። በሌላው ቀን መንገደኛው ያገኘውን ይለምናል፤ ካላገኘም በእግሩ ያዘግማል።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሒሳቡን ከሮብ ወደ ኋላ መቁጠር አለበት። ማክሰኞ ጧት ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሞጣ ያድራል፤ በማግሥቱ ከገበያተኛው ጋር ይገባል። የማክሰኞው በረራ ከቀረ የሚያልፈው አንድ ቀን ሳይሆን አንድ ሳምንት ነው። ይህን ለቲኬት ሻጭ ማስረዳት ምንኛ ያስቸግራል!

በአንድ የመስከረም ማክሰኞ አዲስ አበባ ላይ ከአንድ የሮብ ገበያ ሽማግሌ ጋር ተቀምጬ ዋልሁ። ልጃቸው ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ለሕክምናዋ ገንዘብ ያስፈልጋል። እርሳቸውም አገራቸው ገብተው ሮብ ዕለት በሬ ሸጠው ሊልኩ ነው። ቲኬቱን የቆረጡላቸው የመኪናው መንገድ ያሠጋቸው ዘመዶቻቸው ናቸው። «ቤት ላለው ልጅዎ ስልክ ቢደውሉና እርሱ ቢሸጠውስ?» ብላቸው፣ «ገና ልጅ ነው፤ ነጋዴ ይጫወትበታል» አሉኝ።

በ2 ሰዓት ይነሣል የተባለው በረራ ወደ 4 ሰዓት ተላለፈ፤ ከዚያም ስለ እርሱ የሚናገር ጠፋ። በ10 ሰዓት አንዲት ሠራተኛ መጥታ፣ «ባሕር ዳር ደመና ነው፤ ነገ ትሄዳላችሁ» አለች። ነገም ሳይሆን ቀረ። በዚያን ዕለት እንቁላል የገባበት ዳቦ ሲታደል አባት የእርሳቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ሮብ ነው» አሉ። ጾሙን ይበሉ ገበያውን አልለየሁም። በመጨረሻ ሐሙስ በረርን። እኔን የጎደለኝ ጥቂት የክፍል ሰዓት ነው፤ የእርሳቸው በሬ ግን እስከሚመጣው ሮብ ሳይሸጥ ቆየ፤ የልጅቱም ሕክምና አብሮ ዘገየ።

በደመናው አልከራከርም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 ርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ወድቆ፣ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት ተተኩሷል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻም በክልሉ በተነሣው ውጊያ ምክንያት ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ተቋርጦ ነበር። አብራሪው አልነሣም ሲል እሰየው ነው።

የሚያስቆጣው ከ4 እስከ 10 ሰዓት የነበረው ዝምታ ነው። በጊዜ ቢነግሩን ሽማግሌው በሬውን እንዲሸጥላቸው ለአንድ ጎረቤት መላክ ይችሉ ነበር። በአውሮፓ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ፣ በረራ የቀረው በአየር ጠባይ ምክንያት እንኳ ቢሆን መንገደኛውን ማብላት፣ ማደሪያም ካስፈለገው ማሳደር ግዴታ ነው። ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነና አስቀድሞ ካላስታወቀ ደግሞ ቢያንስ 250 ዩሮ ይከፍላል። የበሬ ዋጋ ባይሆንም ለመነሻ ይበቃ ነበር።

በዓለም የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ሞጣ ራሷ ኦ-ቲ-ኤ የሚል ምልክት አላት፤ ደብረ ማርቆስም ዲ-ቢ-ኤም ትባላለች። የሞጣ ስም ከነምልክቱ በመዝገቡ ይኑር እንጂ መደበኛ በረራ ወደዚያ የለም። ስለዚህ ወደ ሮብ ገበያ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር የማክሰኞውን ትቶ የእሑዱን በረራ ይቁረጥ፤ ለሞጣ ማደሪያም ሦስት ሌሊት ይመድብ።