ከመስኮቱ ወዲያ

አንድ ወጣት ዘመዴ በቅርቡ መጋዘን ውስጥ ሥራ ጀመረ። «እንዴት ነው ሥራው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ምን ሥራ ይባላል ጋሼ? ካርቶን ማንሣት፣ ካርቶን ማስቀመጥ ነው» አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ «ቀና አመለካከት» ሥልጠና ሰጥተዋቸው ኖሯል። «ፈገግ በሉ ይሉናል፤ ካርቶኑ መልሶ ፈገግ የሚልልን ይመስል!» ብሎ አሳቀኝ። ሳቄ ግን ብዙም አልቆየ። እሱ በተናገረበት ቃና እኔም የምናገርበት ዘመን ነበረኝ፤ ያ ቃና ያስከፈለው ዋጋም እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

በ1985 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በረዳት ንብረት ጠባቂነት ተቀጠርሁ። የማትሪክ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃኝም ነበር። ጓደኞቼ ስድስት ኪሎ ሲገቡ እኔ የገባሁት ዘይትና ጆንያ ወደሚሸትበት መጋዘን ነው። ሥራውን የምሠራው ለጊዜው፣ እስኪያልፍልኝ ድረስ ብቻ እንደሆነ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ዕቃ የምንሰጠው በአንዲት ፍርግርግ ባላት መስኮት ነበር፤ እኔም በዚያች መስኮት የሚመጣውን ሰው ፊት አይቼ አላውቅም። የማየው እጁንና ወረቀቱን ነው። ፊርማ ከጎደለው እመልሰዋለሁ። ለምሳ አምስት ደቂቃ ሲቀር መስኮቷን እዘጋለሁ። ደንብ አልጣስሁም፤ በደንብ ተሸፍኜ መኮሳተር ግን እችልበት ነበር።

አለቃዬ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። የሚስቁ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ፊታቸው አይፈታም። ነገር ግን መካኒክ መጥቶ ኩሽኔታ ሲጠይቅ ወረቀቱን አይተው ብቻ አይሰጡም፤ «ለየትኛው ማሽን ነው?» ይላሉ። ባለ 6204 እና ባለ 6205 ቁጥር ኩሽኔታ ለዓይን መንታ ናቸው፤ የአንዱ የውስጥ ቀዳዳ 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሌላው 25 ነው። ጋሼ ለክተው፣ አቧራውን በጨርቅ ጠርገው ይሰጣሉ። «ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ምን ያደክምዎታል?» አልኋቸው አንድ ቀን። «አሳስቼ ብሰጠው» አሉኝ፣ «ያ ሰው ግቢውን አቋርጦ ሄዶ፣ ማሽኑን ፈትቶ፣ አልገባ ሲለው ነው የሚያውቀው። እስከዚያ ማሽኑ ቆመ ማለት ነው። ማሽኑ ሲቆም ማሽኑን የያዘችው ሴትዮም ትቆማለች። ሂሳቡ እንደዚህ ነው።» እኔ በልቤ «የሽማግሌ ነገር» አልሁ።

ካርዲንግ ከሚባለው፣ ጥጥ ከሚበጠርበት ክፍል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ሰኞ ሰኞ ወደ መስኮቷ ይመጡ ነበር። «የኔ ልጅ፣ የአፍ መሸፈኛው ገባ?» ይላሉ። «የለም!» እላለሁ፣ ቀና ሳልል። ያስላሉ፤ ይሄዳሉ። ለምን ሰኞን እንደሚመርጡ ያን ጊዜ አልገባኝም። የጥጥ አቧራ ለዓመታት የሚተነፍስ ሠራተኛ ደረቱን የሚያፍነው በተለይ ከዕረፍት በተመለሰ በመጀመሪያው ቀን እንደሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው። ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል። እሑድ ያረፈ ሳምባ ሰኞ ሲመለስ አቧራውን እንደ አዲስ ይቀበለዋል። ሴትዮዋ ይህን ስም አያውቁም፤ ሰኞን ግን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ሰኔ 30 የዓመቱ ቆጠራ ደረሰ። ከጋሼ ጋር መደርደሪያ በመደርደሪያ እየቆጠርን ወደ ኋላው ጥግ ስንደርስ፣ ከአሮጌ ቀበቶዎች በስተጀርባ ሁለት ካርቶኖች ተገኙ። ቢን ካርድ የላቸውም። ጋሼ አንዱን ከፈቱት። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ነበር፤ እስከ አፉ የሞላ።

ወዲያው ትዝ አለኝ። የካቲት ላይ ጋሼ ፈቃድ በነበሩበት ቀን ከግዥ ክፍል ሲመጣ የተረከብሁት እኔ ነኝ። የመረከቢያ ደረሰኙን ፈርሜያለሁ። ሰዓቱ ግን የመውጫ ሰዓት ነበርና «ካርዱን ነገ እሠራለታለሁ» ብዬ ካርቶኖቹን ወደ ጥግ ገፋኋቸው። ነገ ሌላ ዕቃ መጣ፤ ረሳሁት። ግዥ ክፍል አስረክቤያለሁ ብሎ ተቀምጧል፤ ካርዲንግ ክፍል አልመጣልንም ብሎ ይጠብቃል። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ነኝ። ከአራት ወር በላይ፣ በየሰኞው፣ «የለም!» እያልሁ።

ለጋሼ፣ «በአዲስ ቀን እንደገባ አድርገን ብንመዘግበውስ?» አልኋቸው። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ። አልተቆጡም። «ካርዱ ላይ የገባበትን ትክክለኛ ቀን ጻፍ» አሉኝ። «ከዚያ ካርቶኑን ተሸክመህ ራስህ ውሰድላቸው።»

በሰባት ወር ውስጥ ካርዲንግ ክፍል ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከመጋዘኑ ቢርቅ መቶ እርምጃ ነው። ጩኸቱ ጆሮ ይደፍናል፤ ብናኙ በአምፖሎቹ ዙሪያ እንደ ጉም ይዞራል። ሴቶቹ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ አስረዋል፤ ቅንድባቸው ሁሉ ነጭ ነው። ሴትዮዋን የለየኋቸው በሳላቸው ነው። ካርቶኑን ሲያዩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ገባ እንዴ የኔ ልጅ?» አሉኝ በደስታ።

«ገብቶ ነበር እትዬ» አልሁ።

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። የገባቸው ይመስለኛል። ምንም አላሉም፤ ከካርቶኑ አንዱን አወጡና አጠገባቸው ለነበረች ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድመው አሰሩላት።

የተፈረደብኝ የሦስት ቀን ደሞዝ ቅጣት ነው፤ ያ አልከበደኝም። የከበደኝ ያች ዝምታ ናት። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በመጋዘን ስሠራ ስለ ቀና አመለካከት ብዙ ሰምቻለሁ። ግድግዳ ላይ «በፈገግታ እንሥራ» የሚል ጽሑፍ ሲለጠፍም አይቻለሁ። ፈገግታን አልጠላም፤ መልካም ቃል የሥራን ድካም ያቀልላል። ነገር ግን ፈገግታ አቧራ አያጣራም። ለአቧራው እንኳን ፈገግታ፣ የአፍ መሸፈኛም ቢሆን ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ዋናው ብናኙን ከምንጩ ስቦ የሚያስወጣ መሣሪያ ነው። መከላከያውን ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነ ሕጉም ይናገራል። ይህ ሳይሟላ ሠራተኛውን «አመለካከትህን አስተካክል» ማለት ዕዳን ወደ ሌላ ማዞር ነው።

ታዲያ ቀና አመለካከት ከንቱ ነው? አይደለም። የእኔ ታሪክ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ፋብሪካው መሸፈኛውን ገዝቶ ነበር፤ ደረሰኙም ተፈርሞ ነበር። የጎደለው ከመስኮቱ ወዲያ ሰው እንዳለ የሚያስብ አንድ ልብ ነው። ጋሼ ፊታቸው ሳይፈታ ያ ልብ ነበራቸው። በእጃቸው የያዙት ኩሽኔታ ቢሆንም የሚታያቸው ማሽኑን የያዘችው ሴት ነበረች።

ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባለው ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1924 የሠራው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ በራሱ ጊዜ ይቆም ነበር። ከዚያው ቤተሰብ የተገኘው የቶዮታ የመኪና ፋብሪካም ይህን ሐሳብ ወደ ሰው አመጣው፤ ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ ይጠራል፤ ጉድለቱ ቶሎ ካልተስተካከለም መስመሩ ይቆማል። በአገራችን የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት የሚሉት ቃላት በየፋብሪካው ተለምደዋል። እኔ ግን ቃላቱን ስሰማ ትዝ የሚሉኝ ከቀበቶ ጀርባ የተገኙት ሁለት ካርቶኖች ናቸው። ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ የጽዳት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው፣ ዕቃውን ማን እንደሚጠብቀው ለማያውቅ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ለዚያ ወጣት አጫወትሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ፤ ተናዷል። የአንድ መደርደሪያ እግር ተጣሞ አይቶ፣ ከሥሩ ሰዎች ስለሚሠሩ ለአለቃው ቢነግር፣ «አንተ ሁልጊዜ ጉድለት ነው የሚታይህ፤ አመለካከትህ ቀና አይደለም» ተባለ።

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ።

«ነገ ጠዋት በትሕትና ደግመህ ንገራቸው» አልሁት። «በጽሑፍ አድርገው፤ ትክክለኛውን ቀንም ጻፍበት።»