ውሃ ቁመት አይጠይቅም

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኛ» የምንለው አንድ ሰው ነን። ጸሐፊዎች በትሕትና «እኛ» ሲሉ ሰምተን ልማዱን ተከተልን እንጂ ከኋላችን የቆመ ማኅበር የለም። ይሁን እንጂ ቁመታችን 1 ሜትር ከ93፣ ክብደታችንም 104 ኪሎ ስለ ሆነ ብዙ ቁጥር የሚበዛብን አይመስለንም።

ረዥም ሰው በዚህ አገር ሥራ አይጠፋበትም። በታክሲ ውስጥ አንገቱን ሰብሮ ይቀመጣል፤ በቤተ መጻሕፍት ከላይኛው መደርደሪያ ለሌላው መጽሐፍ ያወርዳል፤ ቅርጫት ኳስ አለመቻሉን በየሳምንቱ ለአዲስ ሰው ያስረዳል። ስለ ቁመታችን ሲያነሡብን ደስ ይለናል፤ ደረታችንንም እንነፋለን። ስለ ክብደታችን ሲጠይቁን ግን ወሬ እንለውጣለን። እናታችን በየዕረፍቱ «ከስተህ መጣህ» ብለው ስለሚቀበሉን በቤታችንም እውነተኛውን ቁጥር የሚያውቅ የለም። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነው ይህ ልማዳችን በላንጋኖ ሐይቅ ላይ ስላመጣብን ጣጣ ነው።

ባለፈው የካቲት ፈተና እንዳለቀ አምስት ሆነን ወደ ላንጋኖ ወረድን። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው ወተት እንደ ተጨመረበት ሻይ ቡናማ ነው፤ በብልሃርዝያ ስለማይታማ ግን ዋናተኛ ይወደዋል። የአንደኛው ጓደኛችን የአክስት ልጅ በአሜሪካ በሚኔሶታ ያደገች ናትና፣ ዌክቦርድ የሚባለውን የውሃ ሰሌዳ ይዛ መጥታ ነበር። በዚህ ሰሌዳ ላይ ሰው ሁለት እግሩን አስሮ በጎኑ ይቆማል፤ ገመድ ይዞ በሞተር ጀልባ ይጎተታል፤ ሲለምድም ጀልባዋ ከኋላዋ በምትተወው ማዕበል ላይ ይዘላል። ባረፍንበት ቦታ ደግሞ አንድ የሚከራይ ጀልባና አንድ አሮጌ ሰሌዳ ነበር።

ልጅቱ ሁላችንንም በየተራ «ስንት ኪሎ ነህ?» ብላ ጠየቀች። ተራው ሲደርሰን፣ በአጠገባችን ከሌላ ክፍል የመጡ ሁለት ሴት ተማሪዎች ተቀምጠው ነበርና፣ «ሰማንያ ቢሆን ነው» አልን። እሷም ከእግር እስከ ራሳችን አየችን። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ለሰማንያም ትንሽ ያንሳል፤ ግን ሞክረው» ብላ 134 ሳንቲሜትር የሆነውን የራሷን ሰሌዳ ሰጠችን።

በውሃ ውስጥ ጉልበታችንን ወደ ደረታችን አጥፈን፣ እጀታውን ጨብጠን ጠበቅን። ጀልባዋ ስትነሣ የሰሌዳው አፍንጫ ወደ ታች ዘለቀ፤ እኛም ተከተልነው። የላንጋኖን ውሃ የጠጣ ሰው ካለ ጣዕሙን ያውቀዋል። በሁለተኛው ጊዜ ጀልባ ነጂው ፍጥነት ጨመረ። እንደ መነሣት ብለን ነበር፤ ነገር ግን ውሃው እስከ ጉልበታችን ቀረና ክንዳችን ከትከሻችን የሚገነጠል መሰለን። በሦስተኛው ጊዜ እጀታው ከእጃችን አምልጦ ሄደ። ከእኛ በኋላ የገባው 62 ኪሎ የሚመዝን ጓደኛችን፣ ዋና እንኳ በደንብ የማይችለው፣ በሁለተኛው ሙከራ ቆሞ እየሣቀ አለፈ። በዳር ያሉት አጨበጨቡለት።

በዚያች ሰዓት የወሰንነውን ብንናገር ነውር አይሆንም። «ይህ ጨዋታ ለከሲታ ሰው የተፈጠረ ነው» አልንና መጽሐፋችንን ይዘን ከዛፍ ሥር ተቀመጥን። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልነው ያን ቀን ብቻ አልነበረም። ብስክሌት ስንከራይ ጎማው ሲተኛብን ብለነዋል፤ በሠርግ ላይ እስክስታ ሲጀመር ብለነዋል። ሳንሞክራቸው የተውናቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። በነጋታውም በመጀመሪያው መኪና ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ አስበን ነበር።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ጀልባ ነጂው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ወደ እኛ ዞሩ። «ልጄ፣ የሰውን ክብደት በሞተሩ ድምፅ ነው የማውቀው። አንተ ሰማንያ አይደለህም» አሉን።

«ጋሼ፣ 104 ነኝ» አልን። ሴቶቹም ሰሙ። ምድር አልተከፈተችም። ልጅቱ ብቻ ተቆጣች፤ «አራት ኪሎ ብትዋሸኝ ምንም አልነበረም፤ ሃያ አራት ኪሎ! በማይሸከምህ ሰሌዳ ላይ አስቀምጬህ እኮ ነው ክንድህን የጎዳሁት» አለችን። እንግዲህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ ነው።

ከዚያም ያስረዳችንን እነሆ እንደ ገባን እንጽፋለን። ሰሌዳው ውስጡ የረጋ አረፋ ቢሆንም በቆመ ውሃ ላይ ሰው አይሸከምም። የሚሸከመው ሲጎተት ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ወደ ላይ ሲገፋው ነው። ግፊቱም በሰሌዳው ስፋትና በፍጥነቱ ይወሰናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከባድ ሰው በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ አንድም ሰሌዳው ጠልቆ ውሃ ያርሳል፣ አንድም ጀልባዋ ይበልጥ መፍጠን አለባት። መፍጠን ደግሞ ክንድ ይጎትታል፤ አወዳደቅንም ያከፋል። በላንጋኖ ሌላም ነገር ይጨመራል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ አየሩ ሳስቶ ተራ ሞተር ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ኃይሉን ያጣል። በሌላ አገር ጀልባዋ በጉልበቷ የምትሸፍነውን ስሕተት እዚህ ሰሌዳው ራሱ መሸፈን አለበት ማለት ነው።

በልጅቱ አገር ይህ ችግር ከጨዋታው ጋር የተወለደ ነው። በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በሚኔሶታ በፔፒን ሐይቅ ላይ፣ ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በውሃ ላይ ለመንሸራተት ተነሣ። በመጀመሪያ የበርሜል ሳንቃ ሞከረ፤ ሰመጠ። ቀጥሎ የበረዶ መንሸራተቻ ሞከረ፤ ይህም አልሆነም። በመጨረሻ 2 ሜትር ከ40 ያህል የሚረዝሙና 23 ሳንቲሜትር ያህል የሚሰፉ ሁለት ሳንቃዎች ወስዶ፣ ጫፋቸውን በፈላ ውሃ አለስልሶ ቀለበሰና ቆመባቸው። ሰውየው በሙከራዎቹ መካከል አልከሳም፤ የለወጠው ሳንቃውን ነው። ይህን ስንሰማ ከዛፍ ሥር ያልነው ዓረፍተ ነገር ትዝ አለንና አፈርን።

«ቁመትስ?» ብለን በተስፋ ጠየቅን። የሰሌዳው ርዝመት የሚመረጥበት ሠንጠረዥ ቁመት አይጠይቅም አለችን። ሠንጠረዡ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቢለያይም፣ በግምት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ135 እስከ 139 ሳንቲሜትር፣ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ለሆነ ከ140 እስከ 144፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 145ና ከዚያም የሚረዝም ነው። እንደ እኛ 1 ሜትር ከ93 ሆኖ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 137 ይበቃዋል፤ አጭር ሆኖ መቶ የሚመዝነው ግን 144 ያሻዋል። በሁለት ልክ መካከል የወደቀ ጀማሪም ትልቁን ይውሰድ። ትልቁ ቶሎ ከውሃ ይወጣል፤ ከዝላይ ሲመለስም ቀስ ብሎ ያርፋል። ጉድለቱ ለመዞር መዘግየቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ገና መቆም ላልቻለ ሰው የሚያስጨንቅ አይደለም።

ቁመት ወግ የሚያገኘው በእግር ማሰሪያው ላይ ነው። ሁለቱ እግሮች በትከሻ ስፋት ወይም ከዚያ ጥቂት ሰፋ ብለው መቆም ስላለባቸው፣ ለባለ ረዥም እግር ማሰሪያዎቹ ተፈትተው ወደ ዳር ይገፋሉ። ክብደታችን ከፍ ብሎ ስለሚቆምም ከሌላው ይልቅ ጉልበታችንን ማጠፍ ይገባናል። ማሰሪያው ራሱ በጫማ ቁጥር ይመረጣል፤ የእኛ 46 ነው፤ ያን ቀን ጣቶቻችን የደነዘዙትም ስለዚህ ነበር።

በነጋታው መኪናው ያለ እኛ ሄደ። ከዕቃ ቤት አሮጌውን ሰሌዳ አወጡልን፤ የተጫረ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ማንም የማይወደው ባለ 146 ነበር። ልጅቱ በመፍቻ ማሰሪያዎቹን ፈትታ አራራቀቻቸው። አንደኛው ሙከራ አልተሳካም፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው ጀልባዋ በቀስታ ስትጎትተን ሰሌዳው ከሥራችን ሽቅብ ሲመጣ ተሰማን፤ ቀጥሎም ቆመን ተገኘን። መቶ ሜትር ቢሆን ነው የሄድነው፤ መዞርም መዝለልም አልቻልንም። ጀልባ ነጂው ወደ ኋላ ዞረው አንድ እጃቸውን አነሡልን። ክንዳችን እስከ ሳምንት አሞናል፤ ነገር ግን ባመመን ቁጥር ደስ ይለን ነበር።

ስለዚህ በሐይቅ ዳር «ስንት ኪሎ ነህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ጓደኛ ቢኖር፣ ቁጥሩን ሳይሸራርፍ እንዲናገር እንመክረዋለን። የሚጠይቀው ሊፈርድበት ሳይሆን የሚሸከመውን ሊመርጥለት ነው።

እኛም ከተመለስን በኋላ በስድስት ኪሎ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ሄደን ወጣንበት። ቀድሞ በዚያ በኩል ስናልፍ መንገድ እንሻገር ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና አላፊ አግዳሚው እስኪሰማ ድረስ «መቶ ስድስት!» ብሎ ጮኸ። የላንጋኖ ዓሣ ሁለት ኪሎ ጨምሮልን ኖሯል። ሒሳቡን ከፍለን ቁጥሩን በደብተራችን ላይ ጻፍነው።