አቤቱታና ኢያታ

ከሚሴ ላይ የመሥሪያ ቤት ታፔላ ሁለት ጽሕፈት ይሸከማል፤ ባንድ ወገን ቁቤ፣ ባንድ ወገን የግዕዝ ፊደል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገደኛ ይህን በመኪና መስኮት አይቶ ይረሳዋል። ከታፔላው ሥር ገብቶ ወንበር የያዘ ሰው ግን ሊረሳው አይችልም።

ነገሩ ከሕግ ይጀምራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአምስተኛው አንቀጽ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ደግሞ ለኦሮሞ፣ ለአዊና ለዋግ ኽምራ ሕዝቦች የየራሳቸውን የብሔረሰብ አስተዳደር አጸናላቸው። በዞኑ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ በክልሉ አማርኛ። ስለዚህ አንድ ጉዳይ በቀበሌ በኦሮምኛ ይወለዳል፣ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዝ አማርኛ ይለብሳል፣ መልሱ ሲመጣ ደግሞ ልብሱን አውልቆ ሌላ ይለብሳል። ልብሱን የሚያለብሰው ማን ነው? እኔ ባየሁት ቢሮ የጽሕፈት ሠራተኛዋ፣ እርሷ ከሌለች የበሩ ጥበቃ። ለዚህ ሥራ የሚከፈላቸው የለም።

በዚያ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ ኃላፊዎቹ ኦሮምኛ፣ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች አማርኛ ይማሩ ተባለ። ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በአንድ አዳራሽ፣ በሁለት ጥግ። ኦሮምኛውን አንዲት ወጣት መምህርት ያዘች፤ አማርኛው ለእኔ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያው ደም ከፈሰሰ፣ በ2014 ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ከዘለቀ በኋላ ነበርና፣ ማን ከየት እንደ መጣ በዝምታ የሚመዝን ዓይን አዳራሹ ውስጥ አልጠፋም። ቋንቋ መማር እንደ ሒሳብ መማር አይደለም። ተማሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ሰዎች ጎራ ይመድቡለታል።

የመጀመሪያው ፈተና ትንሽ ቃል ነበረች። ኦሮምኛ «አቲ» ብሎ ወንዱንም ሴቱንም ይጠራል። አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ይለያል። አንድ አረጋዊ ጥበቃ የመምሪያውን ኃላፊ በር ላይ ተቀብሎ በታላቅ አክብሮት «ደህና አደርሽ?» አላቸው። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ለሳምንት ቆየ። በሌላው ጥግ ደግሞ ያው ኃላፊ በአዲሱ ኦሮምኛቸው አባት የሚሆናቸውን ያንኑ ጥበቃ «አቲ» አሉት፤ ለትልቅ ሰው የሚገባው «ኢሲን» ነበር። እኔ ደሴ ያደግሁ ነኝ፤ በእኛ ዘንድ ለሽማግሌ «አንቱ» ካልተባለ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ሽማግሌው ግን ፊቱን እንኳ አልለወጠም። ያን ቀን የሳቀ የለም። የሠራተኛ ስሕተት ይሳቅበታል፣ የአለቃ ስሕተት ይዋጣል። የሥልጠናው መመሪያ ስለዚህ አንድም መስመር አልነበረውም።

ይህ ሽማግሌ ሌላም ነገር አስተማረኝ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለየ ሰው ነው። አማርኛውን በደንብ ሳይናገረው ያነበዋል። የእናቱ ቋንቋ ግን ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በታፔላው ላይ ሲያየው ዝም ይልበታል፤ የሚያነብለት የልጅ ልጁ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል መሆኑን ስነግረው «እንዲያ ነበር እንዴ?» ብሎ ብዙ አሰበ። ቁቤን መንቀፌ አይደለም። «ለፈ» ብሎ ምድርን፣ «ላፋ» ብሎ ለስላሳን ለመለየት፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለማሳየት ቁቤ ይመቻል። የእኛው ፊደል «ዋና» ብሎ ሲጽፍ ውኃ ውስጥ ነን ወይስ ዋናው ጉዳይ ላይ ነን፣ አንባቢ ይገምት ብሎ ይተወዋል።

ለኃላፊዎቹ የተዘጋጀው ጥራዝ የሚጀምረው በትእዛዝ ነበር፤ «ኮቱ» ና፣ «ፊዲ» አምጣ፣ «ታኢ» ተቀመጥ። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሠሩ ወዳጆቼ የውጭ አገር አለቆቻቸው መጀመሪያ የያዟት ቃል «ቶሎ ቶሎ» እንደ ነበረች ያጫውቱኛል። አለቃ በየትም አገር የሚሻውን ቃል አስቀድሞ ይለቅማል። መምህርቷ ጥራዙን ዘጋችውና በሁለት ዐረፍተ ነገር ጀመረች። አንደኛው «ማልቱ ኢሲን ራኪሴ?»፣ ምን ቸገረዎት። ሁለተኛው «ኢረ ዴቢኣ ነቲ ሂማ»፣ እስቲ ደግመው ይንገሩኝ። ሁለተኛውን አንድ ወር ሙሉ አስደገመቻቸው።

ያ ወር በከንቱ አልሄደም። ከአርጡማ ገጠር አንዲት ባልቴት መጡ። ብዙ ተናገሩ፤ ጽሕፈት ሠራተኛዋ በአጭሩ «መሬቴን ቀሙኝ ነው የሚሉት» አለች። ኃላፊው ብዕራቸውን አነሡ፣ ቆዩ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ኢረ ዴቢኣ ነቲ ሂማ።» ሴትየዋ ቀና ብለው አዩአቸውና እንደገና፣ በዝግታ ተናገሩ። ነገሩ ሌላ ሆነ። መሬቱ በነጣቂ አልተወሰደም፤ በሽማግሌ ፊት ለእኩል አራሽ ለአንድ ዓመት ተሰጥቶ፣ ዓመቱ ሲያልቅ አራሹ አልመልስም ብሎ ነው። ምስክሮቹ በሕይወት አሉ። ለነጣቂ የሚጻፈው ደብዳቤ ሌላ፣ ውል ላፈረሰ የሚጻፈው ሌላ፤ የመጀመሪያው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ባልቴቷ በማይገናኛቸው በር ስንት ወር በቆሙ!

በዚያ ምሽት በሁለቱም ጥግ አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ዋለ። አማርኛው «አቤቱታ»፣ ኦሮምኛው «ኢያታ»። አቤቱታ «አቤት!» ከማለት የመጣ ነው፤ ኢያታም «ኢዩ» ከሚለው፣ ከመጮህ። ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን የምንለጥፍበት ወረቀት በሁለቱም ቋንቋ ሥሩ ጩኸት ነው። ሽማግሌው ጥበቃ ሁለቱን ቃላት በግዕዝ ፊደል ደብተሩ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ጻፋቸው።

ሥልጠናው በሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ቆመ። ኃላፊው ወደ ሌላ ዞን ተዛወሩ። መምህርቷ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች፤ የእርሷ ጥራዝ ሳይታተም ቀረ። በተተኩት ኃላፊ ቢሮ ባለጉዳይ ሲገባ ደወል ይደወላል፣ ሽማግሌው ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ይገባል፣ «ምንድን ነው የሚሉት?» ይባላል። እርሱም ከመመለሱ በፊት ወደ ባለጉዳዩ ዞሮ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ደግመው እንዲነግሩት ይለምናል።