የፈቃድ ቀን በአንድነት ፓርክ

ከአሥራ አንድ ወር የግዳጅ ቆይታ በኋላ የሰባት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶን አዲስ አበባ በገባን ጊዜ፣ ሦስተኛ ዓመቷን የያዘችው ታናሺቱ ልጃችን ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጋ «ጋሼ» ስትል ሰላምታ ሰጠችን። የልጆቻችን እናት ሣቀች፤ እኛም አብረን ሣቅን። ነገር ግን ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ለሠራዊቱ የንቃት ትምህርት መስጠት የዕለት ተግባራችን እንደ መሆኑ፣ ሰውን በንግግር ማቅረብ አያቅተንም የሚል እምነት ነበረን። ለሕፃን ልጅ ግን ንግግር ምን ይፈይዳል?

በማግሥቱ ቤተሰባችንን ይዘን ወደ አንድነት ፓርክ አመራን። ሥፍራው ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሩት ታላቁ ቤተ መንግሥት ያለበት፣ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ግቢ ሲሆን፣ ለዘመናት ተራው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲያየው ከኖረ በኋላ በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. ለጎብኚ ተከፍቷል። ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች፣ የየክልሉ ባህልና አኗኗር የሚታይባቸውን ቤቶች እየተዘዋወርን ተመለከትን። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጃችን ከእጃችን አልተለየም። ታናሽ እኅቱ ግን አንበሳው ባስፈራት ጊዜ እንኳ እኛን አልፋ ወደ እናቷ ነበር የሮጠችው።

ወደ ግብር አዳራሹ በገባን ጊዜ፣ ሹሙና ጭፍራው እንደ ማዕረጉ በየተራ እየገባ እንዴት ይበላና ይጠጣ እንደ ነበረ ማስረዳት ጀመርን። ድምፃችን ሳይታወቀን ከፍ አለ። የልጆቻችን እናት ክንዳችንን ነካ አድርጋ፣ «እኛ እኮ ሻለቃው አይደለንም» አለችን። አፈርን፤ ዝምም አልን።

የከበደው ጥያቄ የመጣው ግን ስለ ምድር ቤቱ ስንናገር ነው። በ1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሥልጣናት በዚህ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ታስረው እንደ ነበር ለእናቱ ስንነግራት ልጁ ሰማ።

«የታሠሩት ሌቦች ናቸው?»

«አይደሉም። ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ነበሩ።»

«ማን አሠራቸው?»

«ወታደሮች።»

ቀና ብሎ ተመለከተን። «እንዳንተ ያሉ ወታደሮች?»

«ስታድግ ትረዳዋለህ» ብለን ማለፍ እንችል ነበር። ለነገሩ እኛ በዚያን ጊዜ አልተወለድንም። ይሁን እንጂ የምንለብሰው ልብስ ክብሩ የሚወረስ ከሆነ፣ ጥፋቱም አብሮ የሚወረስ መሆኑን በዚያች ሰዓት ተረዳነው። ስለዚህ እውነቱን ነገርነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ መገደላቸውን፣ ከነዚያም መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን እንደሚገኙ፣ ትእዛዙን የሰጡትም የፈጸሙትም ወታደሮች እንደ ነበሩ አልሸሸግነውም።

ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «አንተን ግደል ቢሉህስ?» አለ።

ለብዙ ወታደሮች ብዙ ጥያቄ መልሰናል፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመንም። የልጆቻችን እናት መልሳችንን እንደምትጠብቅ ፊቷ ያስታውቅ ነበር። «ወታደር በጦር ሜዳ ይዋጋል እንጂ ያልተፈረደበትን እስረኛ አይገድልም። ቢያዙኝ እንቢ እላለሁ» አልነው። «ቢቆጡህም?» አለ። «ቢቆጡኝም» አልነው። ራሱን ነቀነቀና ወደ አንበሶቹ እንድንመለስ ጠየቀን። እርሱ ጥያቄውን ጨረሰ፤ እኛ ግን ቃል ገባን። ለልጅ የተሰጠ ቃል ደግሞ በሰንደቅ ዓላማ ፊት ከምንገባው መሐላ የሚያንስ አይደለም።

ወደ ማምሻው ወጥተን፣ ከግቢው ራቅ ብለን ጥላ ሥር አረፍን። የልጆቻችን እናት ከቤት ያመጣችውን ድፎ ዳቦ ቆርሳ አደለችን። ታናሺቱ የድርሻዋን ገምሳ ቀስ እያለች ቀረበችና፣ «ጋሼ፣ እንካ» ብላ በትንሽ እጇ አጎረሰችን። ወንድሙ ነኝ ባዩ ልጃችን «ጋሼ አይደለም፣ አባዬ ነው!» ብሎ ሊያርማት ሲል፣ ተዋት አልነው። ስሙ በጊዜው ይመጣል፤ ጉርሻው ግን ዛሬ ደርሶናል።

ውድ የሠራዊቱ አባላት! የፈቃድ ቀናችን ጥቂት ነው። በዚያች ጥቂት ቀን ማዕረጋችንን ከደጅ አኑረን እንግባ። ልጆቻችን ሲጠይቁን ቢከብደንም እውነቱን እንንገራቸው፤ ገና ሲቀርቡንም አንቸኩልባቸው። እኛም ወደ ጦር ሰፈራችን ስንመለስ ሻንጣችን ውስጥ ከዚያ ድፎ ዳቦ የተረፈ አንድ ቁራሽ ነበር፤ ጓደኞቻችን ተካፍለው በሉት። ለልጃችን የገባነው ቃል ግን ከእኛው ጋር አለ።