ክኒኑን ብውጥ ተጠራጠርኩ ማለት ነው?



እናታችን የምትኖረው ከሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ ነው። እኛ ልጆቿ ግማሾቻችን ደባርቅ፣ ግማሾቻችን ጎንደር ነን። የደም ግፊት ከያዛት ዓመታት ሆኗታል። ባለፈው ዓመት ግን ልቧ ያለ ሥርዓት ይመታ ጀመር፤ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ደረቷ ውስጥ ወፍ የሚራገብ እንደሚመስላት ነገረችን። ጎንደር አምጥተናት ኢሲጂ ስትነሣ ሐኪሙ «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» አለን። የግፊቷ መድኃኒት ተስተካከለ፤ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ታዘዘላት።

ወር ሳይሞላ አንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ እጅ ተጫነባትና «ተፈውሰሻል፤ ክኒኑን ጣዪው» ተባለች። ማታ ደወለችልን። «ልጆቼ፥ ነገ ጠዋት ክኒኑን ብውጥ በጌታ ተጠራጠርኩ ማለት ነው?» አለችን።

«ዋጪው እማዬ» አልናት። ለምን እንዳልናት የምንጽፈው ይህንኑ ጥያቄ በየአጥቢያችን በሹክሹክታ የሚጠይቁ ብዙዎች ስላሉ ነው።

የንጉሡ ሕዝቅያስን ታሪክ አስቡ። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ላይ እግዚአብሔር ጸሎቱን እንደ ሰማና በዕድሜው ላይ 15 ዓመት እንደሚጨምርለት አስቀድሞ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ነው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ ያዘዘው። ተስፋው ከተሰጠ በኋላም በለሱ አልቀረም። ያን በለስ አለማመን ብሎ የጠራ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። እኛ ስለ ፈውስ እንጸልያለን፤ በፈውስም እናምናለን። የተፈወሰ ሰው ግን መፈወሱን ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ቢለካ ምን ይጎድልበታል? ጌታ ራሱ ለምጻሞቹን ሄደው ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ ልኳቸዋል።

ደግሞ ይህ ሕመም ስሜትን አምኖ መድኃኒት የሚተዉበት አይደለም። ግፊት ለዓመታት ሲቆይ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፤ የላይኛው ግራ ክፍል ይለጠጣል። በተለጠጠው ክፍል ውስጥ ኤሌክትሪኩ መንገድ ይስትና ክፍሉ በደንብ መኮማተሩን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ደም እዚያ ሲዘገይ ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ይህ የምት መዛባት ያለበት ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ልቡ መራገቡን ስላቆመ ብቻ «ድኛለሁ» ማለት አይችልም፤ ብዙ ጊዜ ምቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አንዳንዱም ምንም አይሰማውም።

ከዚያ ሌላ ክርክር ተነሣ። ውጭ አገር ያለው ወንድማችን አብሌሽን የሚባል ሕክምና እንዳለ ሰምቶ «ገንዘብ እናዋጣና ትሂድ» አለ። ጠይቀን የተረዳነው ይህ ነው፤ ደረት አይከፈትም። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት የደም ሥር ገብቶ እስከ ልብ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳዩ ሐኪም ሚሼል ሃይሳጌርና ባልደረቦቹ የተዛባውን ምት የሚቀሰቅሰው ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ ከሳንባ ደም ከሚያመጡት ሥሮች አፍ እንደሚነሣ አሳዩ። ስለዚህ ሐኪሙ በእነዚያ ሥሮች ዙሪያ ያለውን ሥጋ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ጠባሳ ያደርገዋል፤ ብልጭታው ጠባሳውን ማለፍ ያቅተዋል።

ግፊት ላለባቸው ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሮ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ግፊትም የምት መዛባትም ያለባቸው 302 ሰዎች ተካፈሉ። ግማሽ ያህሉ አብሌሽን ብቻ ተደረገላቸው፤ ለቀሩት በዚያው ቀጠሮ ወደ ኩላሊት በሚሄዱት ደም ሥሮች ዙሪያ ያሉት ግፊትን የሚያንሩ ነርቮችም ተተኮሱ። ከዓመት በኋላ ምቱ ያልተመለሰባቸው ከመጀመሪያዎቹ 56.5 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 72.1 በመቶ ነበሩ። ለስብከት የሚመች ምሳሌ ነው፤ ግን አንሰብክበትም። እኛን ያስደነቀን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ከተደረገላቸውም ከአራት አንዱ በላይ ምቱ ተመልሶበታል። ግፊትን ዝቅ ማድረግ የልብንም ሕክምና ሊያግዝ እንደሚችል ግን ይጠቁማል።

ሐኪሟን ስንጠይቀው አብሌሽን የምትን ስሜት ለማቅለል እንደሚጠቅም፣ ነገር ግን በእሷ ዕድሜና ከግፊቷ ጋር ዋርፋሪኑ ከዚያ በኋላም እንደማይቀር ነገረን። አስቸኳይም አይደለም አለን። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ ገንዘቡን ግን አላስመለሰም። አሁን የትራንስፖርቷና የመድኃኒቷ ሆኗል። ሁለት ታናናሾቻችን ዛሬም ትሂድ ይላሉ፤ ግፊቷ ተስተካክሎ መራገቡ እንቢ ካለ እንደገና እንመክርበታለን።

እስከዚያ ድረስ ሥራው ትንንሽ ነው፣ ስለዚህም አስቸጋሪ ነው። ጨው መቀነስ ለእናታችን ከጾም ይልቅ ከብዷታል። ጎመን የዋርፋሪኑን ኃይል ስለሚቀንስ አንድ ሳምንት አብዝታ በሌላው ከምትተው ሁልጊዜ በልክ እንድትበላ ተነግሯታል። ለወገቧ ከመድኃኒት ቤት ትገዛው የነበረው ዲክሎፌናክ ቀርቷል፤ ግፊትንም ደም መፍሰስንም ያባብሳልና።

ደሟ በትክክል መቅጠኑን ለማወቅ በየጊዜው ትመረመራለች። ለዚህ ስትመጣ በጣሊያን ዘመን የተቆረጠውን የሊማሊሞን ጥምዝምዝ በሚኒባስ ወጥታ ደባርቅ ታድራለች፣ በማግስቱ ዳባትን አልፋ ጎንደር ትገባለች። ከጉዞው በፊት ትጸልያለች፤ ክኒኗንም በቦርሳዋ ትይዛለች። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ስታደርግ ማየት ለምደናል።

ቀጣዩ ቀጠሮዋ በሐምሌ ነው። በክረምት ሊማሊሞ ላይ ናዳ ይወርዳልና፣ ስለ ግፊቷም ስለ መንገዱም አብራችሁን ጸልዩ።